ዋንዛው ተቆርጦ ዘንባባ ሲተከል

ሰው በእጁ ያለውን ንቆ በሩቅ ያለውን ሲመኝ መኖሩ የቆየ ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ በልብስና በቤት ዕቃ ላይ ብቻ ሲታይ ጉዳቱ ከባለቤቱ ኪስ አያልፍም። በመሥሪያ ቤት ሥራና በከተማ አስተዳደር ውስጥ ሲገባ ግን የብዙ ሰው ሀብት ያጠፋል፤ የጠፋውንም ለመመለስ አንድ የሰው ዕድሜ ላይበቃ ይችላል። ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ የምንከራከርበት ጉዳይ ከዚሁ ወገን ነው። ክርክራችን ስለ አንድ ዛፍ ነው፤ ዛፉም አማርኛ ተናጋሪው ዋንዛ፥ የወለጋ ሰው በኦሮምኛ ዋደሳ የሚለው ነው።

አንዳንድ አንባብያን «ከዚህ የበለጠ ስንት ጉዳይ እያለ ስለ አንድ ዛፍ ይህን ያህል መጻፍ ምን ይባላል?» ይሉን ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እንል ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሣነው ያን ጊዜ በሠራነው ጥፋት ምክንያት ነው።

የምንኖረውና የምንሠራው በሲሬ ነው። ሲሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ባኮን አልፎ ለሚሄድ መንገደኛ ነቀምቴ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት የምሥራቅ ወለጋ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት የበቆሎ አገር ነው። በክረምት በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ከበቆሎው መካከል እዚህም እዚያም ራሳቸውን ከፍ አድርገው የቆሙ፥ ቅጠላቸው የሰው መዳፍ የሚያህልና ከዚያም የሚሰፋ ዛፎች ሳያይ አልቀረም። ገበሬው እርሻውን ሲመነጥር ሌላውን ቆርጦ እነዚህን ሆን ብሎ የተዋቸው ናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ እነዚሁ ዛፎች ነጭ አበባ ይለብሳሉ። አበባው እንደ ጡሩምባ አፍ የተከፈተ፥ ስስና ጨምደድ ያለ፥ ሽታውም ደስ የሚያሰኝ ነው። ንብ ሳይጠራ ይመጣለታል፤ በወለጋ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ስሙን መጥራት የማያስፈልገን የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ በር አጠገብ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረ። ማን እንደ ተከለው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ከገጠር ጠዋት ተነሥቶ የመጣ ባለ ጉዳይ ተራው እስኪደርስ የሚቀመጠው በእርሱ ሥር ነበር። ሽማግሌዎች የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ እዚያው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴትም ጀበናዋንና ብርጭቆዎቿን በሥሩ ደርድራ ልጆቿን ታሳድግ ነበር። አበባው በሚረግፍበት ወራት ባለ ጉዳዮች ወደ ቢሮአችን ሲገቡ በራሳቸውና በጋቢያቸው ላይ ነጩን አበባ ተሸክመው ይገቡ እንደ ነበረ ትዝ ይለናል።

በኋላ ግቢውን የሚያስውብ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኛም የኮሚቴው ጸሓፊ ሆነን ተመረጥን። በስብሰባው ላይ ዋንዛው ግቢውን በቅጠል እንደሚያቆሽሽ፥ የመሥሪያ ቤቱን ስም የያዘውን ሰሌዳ እንደሚሸፍን፥ ለዘመናዊ ግቢም እንደማይመጥን ተነገረ። በምትኩ በመግቢያው ግራና ቀኝ ዘንባባ እንዲተከል አሳብ ቀረበ። እኛ ለመቃወም አሰብን፤ ነገር ግን የሰብሳቢውን ፊት አየንና ዝም አልን። ከዚያም ቃለ ጉባኤውን በጥሩ ጽሕፈት ጻፍን፤ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብለን ፈረምንበት። የፈረምንበት ጠረጴዛ ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልንም።

ዋንዛው በሁለት ቀን ወደቀ። ግንዱን አንድ አናጢ በጨረታ ገዝቶ ወሰደው። ዐሥራ ሁለት ዘንባባም በመኪና ተጭኖ መጣና በሁለት መስመር ተተከለ። የመጀመሪያው በጋ ሳያልቅ ዘጠኙ ደረቁ። የቀሩት ሦስቱ ዛሬም ቆመዋል፤ ነገር ግን የሦስቱ ጥላ ቢደመር ለአንዲት ዶሮ አይበቃም። ሻይ ሻጯ ሌላ ቦታ ሄደች። አንድ አዛውንት ጉዳያቸውን ይዘው ሲመጡ በፀሐይ ላይ ቆመው ቆዩና ወደ ቢሮ ሲገቡ «ልጆቼ፥ ይህን የተከላችሁትን ማን ይቀመጥበታል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

እንግዲህ ዋንዛን የሚከሱ ሰዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት አንድ በአንድ እንመርምር። እነዚህ ምክንያቶች በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የተነገሩ ቢሆኑ ኖሮ ባልጻፍን ነበር። ነገር ግን ከተማን ማስዋብ በሚል ስም በየቦታው ይሰማሉ፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ከተዛመተ ወዲህማ የመንገድ ዳር ዛፍ ምርጫ የየከተማው ጉዳይ ሆኗል።

የመጀመሪያው ክስ «ዋንዛ የዱርና የእርሻ ዛፍ ነው እንጂ የከተማ ጌጥ አይሆንም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ታሪክ ቢመረምሩ ከንግግራቸው ይቈጠቡ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1770ና በ1771 በጎንደር ተቀምጦ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የጉዞውን ታሪክ በ1790 በኤዲንብራ በአምስት ጥራዝ አሳተመ፤ በአገራችን ስላያቸው እንስሳትና ዕፀዋት ሲጽፍም ዋንዛን ከነሥዕሉ አስገባው። እርሱ እንደሚነግረን የአገሪቱ ከተሞች በዋንዛ የተሞሉ ነበሩ። በጎንደር በየቤቱ ዙሪያ ሁለትም ሦስትም ዋንዛ ተተክሎ ስለ ነበረ፥ ከተማይቱን ከከፍታ ላይ ሆኖ ለሚመለከታት ሰው፥ ይልቁንም በክረምት፥ ደን ትመስለው ነበር። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በሴፕቴምበር መባቻ፥ ማለት በእኛ በነሐሴ ማብቂያ፥ ዛፎቹ በአንድ ሌሊት ያብቡና ከተማይቱ ነጭ በፍታ የለበሰች ወይም በረዶ የወረደባት ትመስል እንደ ነበረ ይተርካል። ስለ ኦሮሞ ሕዝብም ሲጽፍ ንጉሣቸውን የሚመርጡት በዚህ ዛፍ ሥር እንደ ነበረ፥ ቦኩ የሚባለው የሥልጣን በትርም ከእንጨቱ ይሠራ እንደ ነበረ ይገልጻል። ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ላማርክ ለዛፉ ኮርዲያ አፍሪካና የሚለውን የሳይንስ ስም ያወጣለት በ1792 ነው።

እንግዲህ «በአንድ ሌሊት» የሚለውን እንደ መንገደኛ ግነት ብንቈጥረው እንኳ፥ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነገሥታት መቀመጫ የነበረችው ከተማ በሯን ያስጌጠችው በዋንዛ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። የጎንደር መኳንንት ያላፈሩበትን ዛፍ፥ የወለጋ አባቶችም ሸንጎ የተቀመጡበትን ዛፍ፥ እኛ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ማኅተም ያለን ሰዎች «ለግቢያችን አይመጥንም» ስንል ምን ያህል እንደ ተሳሳትን ይታያል። ያልመጠነው ዕውቀታችን ነበር።

ሁለተኛው ክስ «ቅጠሉን እያራገፈ ግቢ ያቆሽሻል፤ ፍሬውም ይጣበቃል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ከሚያራግፉ ዛፎች ወገን ነው። ቢጫው ፍሬም ሲበስል ሙጫ ያለው ጣፋጭ ነገር ስለ ሆነ ልጆች ይበሉታል፤ ከመሬት ሲወድቅም ከጫማ ላይ ይለጠፋል። ነገር ግን ይህ መርገፍ ጥፋት ነውን? ከሲሬ ብዙ በማይርቀው በባኮ አካባቢ ተመራማሪዎች በእርሻ መካከል ተበታትነው የቆሙትን ዋንዛዎች መርምረው ነበር። ያገኙትም ከዛፉ ጥላ ሥር ያለው የላይኛው አፈር ከዛፉ ርቆ ካለው አፈር ይልቅ በብስባሽና ሰብል በሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች የበለጸገ መሆኑን፥ ብልጽግናውም ከግንዱ እየራቁ ሲሄዱ እየቀነሰ መሄዱን ነው። ገበሬው ዋንዛውን ከእርሻው መካከል ለምን እንደ ተወው ሳይንስ መጥቶ መሰከረለት። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ገበሬ የተወውን ዛፍ፥ ማንበብና መጻፍ ተምረን ደመወዝ የምንበላው እኛ ቆረጥነው።

ደግሞም አንድ ነገር እናስተውል። በደቡብ አፍሪካ የምትገኘው የፕሪቶሪያ ከተማ መንገዶቿ በጃካራንዳ ዛፍ የታወቁ ናቸው። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፥ ሐምራዊ አበባ የሚያብብ ዛፍ ነው፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችንም ይታያል። አበባው ሲረግፍ መንገዱን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ መንገደኛውም «ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስላል!» እያለ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። ዋንዛ አበባውን ሲያራግፍ ግን መጥረጊያ ይታዘዝበታል። የእንግዳው ሲረግፍ ምንጣፍ፥ የአገሩ ሲረግፍ ቆሻሻ የሚሆንበት ምክንያት በዛፎቹ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በተመልካቹ ዐይን ውስጥ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ራሱ ዛሬ ጃካራንዳን ከወራሪ ዕፀዋት መዝገብ አስገብቶ አዲስ ተከላውን ገድቧል። እዚያ ይህን ያህል የተጠነቀቁበትን ነገር እኛ ሳንመረምር ብንቀበለው ከእነርሱ የተማርነው የት አለ?

ሦስተኛው ክስ «ዋንዛ ቶሎ አያድግም» የሚል ነው። ይህ ክስ ከባሕር ዛፍ ጋር ሲያወዳድሩት እውነትነት አለው። ከአገር በቀል ዛፎች መካከል ግን፥ ከዝግባና ከጥድ ጋር ቢነጻጸር፥ ዋንዛ ፈጥነው ከሚያድጉት ወገን ነው። ከሁሉም የሚገርመው ይህን ክስ የሚያቀርቡት ሰዎች የሚመርጡት ዘንባባ መሆኑ ነው። ዘንባባ ሰው የሚያስጠልል ቁመት እስኪደርስ ድረስ የተከለው ሹም ስንት ጊዜ ተዛውሮ ይሄዳል!

አራተኛው ክስ በእኛ ላይ የሚቀርብ ነው፤ ይኸውም «እናንተ የውጭ ነገር ሁሉ ጠላቶች ናችሁ» የሚል ነው። ይህ ሐሰት ነው። የሲሬ ሰው ዛሬ የሚመገበው በቆሎ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እህል መሆኑን እናውቃለን፤ በባኮ የሚሠሩት የምርምር ባለሙያዎች ዘሩን ለአገሩ አየር እንዲስማማ ስላደረጉልንም እናመሰግናለን። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር እንዳዳናት እናውቃለን። ዘንባባንም ቢሆን አንጠላውም፤ በሆሣዕና የምንይዘው እርሱ ነው፤ ከአገራችን ቆላማ ወንዞች ዳርም የሚበቅል የራሳችን ዘንባባ አለ። በየዕለቱ ውሃ የሚያጠጣ አትክልተኛ ላለው ግቢ ጌጥ ሊሆን ይችላል። እንግዳ መቀበል መልካም ነው፤ እንግዳ ለማስተናገድ ብሎ የቤቱን አባት ከደጅ የሚያስተኛ ሰው ግን እንግዳ ተቀባይ አይባልም። የምንቃወመው ይህን ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንበል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጥድ ጋር አንድ ላይ ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከእርሱም በኋላ በ1999ና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ተተክተው ወጥተዋል። ሕግ አውጪዎቹ ዋንዛን በስሙ ጠርተው የከለከሉት ዛፉ እየተመናመነ መሆኑን ስላዩ ነው። የሚመናመንበትም ምክንያት ግልጽ ነው። እንጨቱ ቀላ ያለ፥ ለመላግ የማያስቸግር፥ ምስጥም በቀላሉ የማይደፍረው ስለ ሆነ በሩም፥ መስኮቱም፥ አልጋውም፥ ጠረጴዛውም፥ ከበሮውም፥ ቀፎውም፥ በመጨረሻም የሬሳው ሣጥን ከእርሱ ይሠራል። ከልደት እስከ ሞት ከሚያገለግለን ዛፍ የምንወስደውን ያህል አንመልስለትም። ሕግ ከደን እንዳይቆረጥ ሊከለክል ይችላል፤ በየመንገዱ ዳር እንዲተከልና በየግቢው እንዲከበር የሚያደርግ ግን የሰው ልቡና ነው። በግቢያችን የነበረው ዋንዛ ከመንግሥት ደን አልነበረምና ሲቆረጥ የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ መጠየቅ የነበረብን ራሳችንን ነበር።

እዚህ ላይ ሌላም ደዌ አለ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሲጀመር በሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ሕዝብ ለዛፍ ተከላ ይህን ያህል መነሣሣቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን እኛ ሪፖርት ጸሓፊዎች ነንና የሪፖርትን ጠባይ እናውቃለን። በሪፖርታችን ላይ «የተተከለ» የሚል ዓምድ አለ፤ «በሁለተኛው በጋ በሕይወት ያለ» የሚል ዓምድ ግን አይታይም። ስለዚህ ዐሥራ ሁለቱ ዘንባባዎቻችን ዘጠኙ ከሞቱ በኋላም በመዝገባችን ላይ ዐሥራ ሁለት ሆነው ቆመዋል። የተቆረጠው ዋንዛ ግን በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሳደግ የዓመታት ሥራ ነው። የአንዱን ቀን ቈጥረን የዓመታቱን ካልቈጠርን አገር በወረቀት ላይ ይለመልማል።

አሁን ወቀሳውን ትተን ወደ ሥራው እንምጣ፤ መፍትሔ የሌለው ወቀሳ የሰነፍ ሥራ ነውና። ዋንዛን ማሳደግ ከፍ ያለ ጥበብ ወይም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሽማግሌዎችና ከችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ጠይቀን፥ በእጃችንም ሞክረን የተረዳነውን እንደሚከተለው እንጽፋለን።

መጀመሪያ እናት ዛፍ ይመረጣል። ግንዱ ቀጥ ያለና ጤነኛ የሆነ፥ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች ፍሬ መልቀም ይሻላል። ፍሬው ቢጫ ሆኖ ሲበስልና ሲረግፍ ተለቅሞ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ የሚጣበቀው ሥጋው በእጅ ታሽቶ ከወጣለት በኋላ ዘሩ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ለመብቀል ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስት ሳምንት ካልበቀለ «ዘሩ በስብሷል» ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል። መደቡን በሣር ሸፍኖ፥ እርጥበቱን ጠብቆ፥ ታግሦ መቆየት ነው። ዘር ለመዝራት ጊዜ ያጣ ሰው ደግሞ ዝናብ ሲጀምር ከእናቱ ዛፍ ሥር ወዶ ዘራሽ የበቀለውን ችግኝ ከነአፈሩ ነቅሎ በችግኝ ከረጢት ሊያሳድገው ይችላል።

ችግኙ በመጀመሪያ ከብርቱ ፀሐይ ጥቂት ይከለላል፤ ሊተከል ሲል ግን ፀሐይ እንዲለምድ ከለላው ይነሣለታል። ጉድጓዱ ክንድ ያህል ጥልቀትና ስፋት ኖሮት ከክረምቱ በፊት ቢቈፈር መልካም ነው፤ ከላይ የወጣው ጥቁር አፈርና ብስባሽ ለብቻው ይቀመጥና ከሥር ይመለሳል። ተከላው ዝናብ በደንብ ከያዘ በኋላ በሰኔ ወይም በሐምሌ ይደረጋል። ዋንዛ ሲያድግ ክንዱን ሰፋ አድርጎ የሚዘረጋ ስለ ሆነ በመንገድ ዳር ሲተከል በአንዱና በሌላው መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር መተው፥ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦም ማራቅ ያስፈልጋል። ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ በኋላ ሽቦ ነካ ተብሎ የሚቆረጥ ዛፍ፥ ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን የተካዩ ነው።

ከተተከለ በኋላ ሁለት ጠላት አለው፤ በጋና ከብት። ፍየልም ላምም ቅጠሉን ይወዱታል፤ ስለዚህ በእሾህ ወይም በቀርከሃ መታጠር አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ውሃ ካገኘ ከዚያ ወዲያ ራሱን ይችላል። ታች የሚያወጣቸውን ቅርንጫፎች በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት መግረዝ ይገባል፤ አለዚያ ጐባጣና ዝቅ ብሎ የሚዘረጋ ይሆንና መንገደኛ ይመታል። በተገረዘ ጊዜ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጥላውን ከሰው ራስ በላይ ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ሥራ ከአካፋ፥ ከባልዲና ከትዕግሥት በቀር የሚጠይቀው የለም። ለዐሥራ ሁለቱ ዘንባባ የወጣው ገንዘብ ለአንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ በሆነ ነበር።

በነጭ አበባ ብቻ ለማይረካ ሰው ደግሞ ቆርች አለለት፤ የአገሩ ሰው ዋለንሱ ይለዋል። እርሱም በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ እንደ እሳት የቀላ አበባ ያወጣል። አጥር ሆኖ እንዲያድግ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ይበቃል፤ አፈርንም ያዳብራል። ከቆርች ዓይነቶች አንዱ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮው አይበቅልም። ዋንዛው በመንገዱ ዳር፥ ቆርቹ በአጥሩ ላይ ቢሆን፥ ሲሬን ለማስጌጥ ከየት አገር መኪና መላክ ያስፈልግ ነበር?

የተከበራችሁ ሹማምንትና የሥራ ባልደረቦቻችን፥ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። በግቢያችሁ ያለ ዛፍ እንዲቆረጥ ከመወሰናችሁ በፊት በዛፉ ሥር ማን እንደሚቀመጥ ወጥታችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት። ይህ ሲጻፍ ብዙ ውሳኔ ራሱን ይለውጣል። ሁለተኛ፥ በችግኝ ሪፖርታችሁ ላይ በሁለተኛው በጋ በሕይወት ያለውን የሚያሳይ አንድ ዓምድ ጨምሩበት። ቁጥሩ ሊያሳፍረን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳፍር እውነተኛ ቁጥር ከሚያስጨበጭብ ሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪው የዛፍን ክፍሎች ከመጽሐፍ ሲማር የትምህርት ቤቱን አጥር ተሻግሮ ያለውን ዋንዛ እንዲያይ አድርጉት። አበባው መቼ እንደ ፈነዳ፥ ፍሬው መቼ እንደ በሰለ፥ ቅጠሉ መቼ እንደ ረገፈ በደብተሩ እንዲመዘግብ ብታደርጉ በአንድ ዓመት ውስጥ የሲሬን ዋንዛዎች ታሪክ የሚያውቅ ትውልድ ይኖረናል። ተማሪዎች ሆይ፥ እናንተም አንድ አንድ ዋንዛ ተክላችሁ እስክትመረቁ ድረስ ውሃ አጠጡ። ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ከዓመታት በኋላ ስትመለሱ ከምስክር ወረቀታችሁ ሌላ የሚመሰክርላችሁ ታገኛላችሁ።

ጽሑፋችንን ከመዝጋታችን በፊት የግቢያችንን ነገር እንጨርስ። ዋንዛ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ነው። ከተቆረጠው ዋንዛችን ጉቶ ላይ ብዙ ቀንበጦች ወጥተው ነበር፤ የግቢ ጠራጊው በታዘዘው መሠረት ሁለት ጊዜ ቆረጣቸው። በሦስተኛው ጊዜ ኮሚቴው እንዲሰበሰብ እኛ ጠየቅን። ሰብሳቢው ተለውጠው ነበር፤ የቀደመውን ቃለ ጉባኤ አንብበን፥ የፈረምነው ስሕተት እንደ ነበረ ተናገርን። ክርክር ነበረ፤ ሰሌዳውን መልሶ ይሸፍነዋል ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ሰሌዳው ሦስት ሜትር ወደ ጐን እንዲዛወር፥ ከቀንበጦቹ ቀጥ ያለው አንዱ ተመርጦ ሌሎቹ እንዲገረዙ፥ ዙሪያውም እንዲታጠር ተወሰነ። ይህንንም ቃለ ጉባኤ እኛው ጻፍነው፤ ከዚያው ከዋንዛ ጠረጴዛ ላይ ፈረምንበት።

ቀንበጡ ዛሬ ከሰው ቁመት አልፏል፤ ጥላው ግን ገና አንድ ሰው አያስቀምጥም። እነዚያ አዛውንት ተመልሰው ቢመጡ አሁንም በፀሐይ ይቆማሉ። በአንድ ሰዓት ስብሰባ ያጠፋነውን ለመመለስ ብዙ ክረምት መጠበቅ አለብን። በየከተማው ገና ያልተቆረጠ ዋንዛ በግቢው ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን አንብቦ መጋዙን ቢያስቀምጥ፥ የእኛ ጥፋት ለሌላው ትምህርት ሆነ ማለት ነው።